ትንሿ ኮምፒውተር በሽማግሌ ፊት

ሰው ሲያረጅ ያስታውቃል፤ ወገቡ ይጎብጣል፣ ያወራውን መልሶ ያወራል፣ የማይፈልገው ሰው ሲጠራው አልሰማም ይላል። በሬም ሲያረጅ ያስታውቃል፤ ትልሙ መሐል ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ያያችኋል። ሞፈርም ቢሆን ሲያበቃለት ቋ ብሎ ተሰብሮ ይሰናበታችኋል። እኔ ያልገባኝ ሳይሰበር፣ ሳይሞት፣ መብራቱ እንደበራ «ጊዜው አልፎበታል» የሚባለው ዕቃ ነው። የሞተ መቅበርን ከአባቶቻችን ተምረናል። ቁጭ ብሎ የሚያያችሁን ነገር ገንዛችሁ ቅበሩ ስትባሉ ግን ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ሽማግሌ ጠራሁ።

የምንኖረው ሮብ ገበያ ነው። ባሕር ዳር የሚሠራው አማቻችን አንድ ጊዜ ሊጠይቀን ሲመጣ የዳዊት መጽሐፍ የምታህል ኮምፒውተር ይዞ መጣና ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኛት። ማርቆስ ከተማ ፊልም የሚጭን ሱቅ አለ፤ ፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው መዝሙሩንም ስብከቱንም ፊልሙንም አስጭኖ ይመለሳል። እኔ የተቀበልኳት ለመዝሙሩ ነው፤ ይህ ይታወቅልኝ። ለሁለት ወር ያህልም በመዝሙር አገለገለችን። ከዚያ ባለቤቴ ይዝና አንድ የውጭ አገር ፊልም አስጫነች። በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ማለቂያ የለውም። አንድ ዶክተር አለ፣ እናቱ ያልወደደችለትን ሴት ይወዳል፣ እናትየው ትሸርባለች። መዝሙሩ ጥግ ያዘ።

ዓመታት አለፉና አዲሶቹ ፊልሞች ሲመጡ ኮምፒውተሯን አቃታት። ምስሉ ደርቆ ይቀራል፣ ድምፁ ብቻውን ይሄዳል፤ ዶክተሩ አፉን እንደከፈተ ቆሞ ሴትዮዋ ስታለቅስ ትሰማላችሁ። ደግሞ ትግላለች። የጮቄ ተራራ ብርድ በየቀዳዳው በሚገባበት ቤታችን ውስጥ የሚሞቃት እሷ ብቻ ናት። ማርቆስ ወስጄ ለሚጠግን ሰው አሳየኋት። ገልበጥበጥ አድርጎ አያትና «አባባ፣ የማስታወስ አቅሟ አንሷል። ብንጨምርባትም ብዙ አትሄድም፤ ቢቀይሯት ይሻላል» አለኝ። እኔም በበኩሌ ማርቆስ ከሄድኩባቸው ሁለት ጉዳዮች አንዱን ረስቼ መመለሴን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። እኔን ግን ይቀየር ያለ የለም።

መቀየሪያው ያው ጊደራችን ናት፤ ሌላ የሚሸጥ የለንም። ጊደሯ ደግሞ አርግዛለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ብዬ «ጊደሯ አትሸጥም» አልኩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጭስ ሳይ ኖርኩ። አሁን ትንሽ ሰው ልይበት ብል ምን አለበት?» አለች ይዝና፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

ዝም አለች ስላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ነው። እጅ ታስታጥበኛለች፣ እራት ታቀርብልኛለች፣ ቃል የለም። ኮምፒውተሯ እንኳ ስትደርቅ ድምፅ ታሰማለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪጌታ ጥበቡ በደብራችን ዜማ የሚያስተምሩ፣ አያ ደመላሽ ግማሹን ወረዳ ያስታረቁ ጎረቤታችን፣ ሦስተኛው አያ ስማቸው ደግሞ ጆሯቸው ከከዳቸው ቢቆይም ለሽምግልና የማይታጡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ቆሎና ጠላ ቀረበ። እኔም ቆሜ ተናገርኩ፣ ይዝናም ቆማ ተናገረች።

«ለመሆኑ ዕቃዋ ታማለች ወይስ አልታመመችም? ሳያዩ መፍረድ ኃጢአት ነው» አሉ መሪጌታ።

«የድንበር ጠብ ሲሆን ድንበሩ ድረስ እንሄድ የለም እንዴ?» አሉ አያ ደመላሽ። «ትከፈት።»

ተከፈተች። አያ ደመላሽ ደህና አድርገው ለማየት የይዝናን መቀመጫ ያዙ። ምስሉ ሲደርቅ ይዝና በማራገቢያ ታራግብላታለች፣ ትንሽ ስትበርድ ትቀጥላለች። «ይህ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ አያ ደመላሽ። ሦስት ሳምንት ያልተናገረች ሚስቴ የዶክተሩን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችላቸው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ «ነገሩ ጥልቅ ነው፤ ለሳምንት ቀጠሮ ይሁን» ተባለ።

በሁለተኛው እሁድ መጀመሪያ የመጡት መሪጌታ ናቸው። እኚህ ሰው መሳሳም በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ «አለፈ?» ብለው ጠይቀው ነው የሚገለጡት። በመጀመሪያው እሁድ የተሸፈኑት በጋቢ ነበር። በሁለተኛው እሁድ፣ በዚያ ብርድ፣ ጋቢያቸውን ትተው ነጠላ ለብሰው መጡ። ነጠላ ስስ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የሰው ኃጢአት መቁጠር የእኔ ሥራ አይደለም። እኔም ብሆን ተከሳሽ ነኝና ከችሎት ወጥቼ መሄድ ስለማልችል፣ ሳልወድ በግድ፣ አንዲት ሳላስቀር አየሁ።

አያ ደመላሽማ ጭራሽ ሽምግልናቸውን ወደ ፊልሙ አዛወሩት። «ኧረ ወደዚህች እናት ሽማግሌ የሚልክ ሰው ጠፋ? አንድ ቀን ባገኛት እኮ አስታርቃቸው ነበር» እያሉ ይናደዳሉ። እኔና ይዝና ተኳርፈን እዚያው ቆመናል፤ የሚያየን የለም። ደግሞ ቀጠሮ።

በሦስተኛው እሁድ የዶክተሩ እናት ደብቃው የኖረችው ደብዳቤ ተገኘ። ዶክተሩ ፖስታውን ቀደደ። ወረቀቱን ዘረጋ። ሊያነብ አፉን ሲከፍት ምስሉ ደረቀ፤ በዚህች ቀን ድምፁም አብሮ ቀጥ አለ። ይዝና ብታራግብ፣ ብታጠፋ፣ ብታበራ አልሆነም።

«ምን ይላል?» አሉ አያ ስማቸው።

ሦስቱ ወደ ደጅ ወጥተው ተመካከሩ፤ ምክሩ አንድ አባታችን ሆይ የማለት ያህል እንኳ አልፈጀም። መሪጌታ ተመልሰው ቆሙና «ፈርደናል። ዕቃዋ ትቀየር። ጊደርን እግዚአብሔር ይተካል፤ የትዳር ሰላም ግን አይተካም» አሉ።

እልል ትላለች ብዬ ወደ ይዝና ዞርኩ። ይዝና የጠላ ማሰሮውን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማለች። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ሦስት እሁድ ሙሉ እሷ አልተቀመጠችም። ስትቀዳ፣ ስታራግብ፣ ስታስረዳ፣ ያን የምትወደውን ፊልም ያየችው በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቶቼ» አለች። «ጊደሯ ትኑር። እኔ ይቅርብኝ።»

«ምነው ልጄ? ፈረድንልሽ እኮ» አሉ አያ ደመላሽ፣ በልምምጥ ድምፅ።

«ከእንግዲህ አቤቱታ የለኝም።»

አቤቱታ ከሌለ ሽምግልና የለም። እያዘገሙ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ይዝና ወደ መቀመጫዋ ሄዳ ዘፍ አለችና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በቀጥታ ለእኔ ተናገረች። «አንተ፣ ዕቃዋ እንዲህ ታማም እየመጡ፣ የዳነች ቀን ማን ያስወጣቸዋል?»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በዚያው ታረቅን። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አላስታረቋቸውም የሚል ሰው ቢኖር ሐሰት ነው፤ አስታርቀውናል።

ጊደሯ ይኸው በበረት አለች። ረታሁ ማለት ነው። ግን በየትኛው አፌ ነው አሁን ይዝናን «እስኪ ኮምፒውተሯን እንቀይራት» የምላት? ያን ሁሉ የተሟገትኩ ሰው! መሪጌታም ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠብቀው ያገኙኛል።

«ጊደሯ ደህና ናት?» ይሉኛል።

«ደህና ናት» እላቸዋለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ደስ ሳይላቸው።

ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ልጆቼ ጤና፣ ጊደሯ በደህና እንድትገላገል እለምናለሁ። አሜን ከማለቴ በፊት ዓይኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄድብኛል። ስለ ሰው ደብዳቤ ፈጣሪን መጠየቅ ነውር ነው። እሱ ግን የልብን ያውቃል።