እትዬ እናትነሽና የሽንት ቤቱ ቁልፍ

ቁልፍ የተሰጠው ሰው አገር የተሰጠው ይመስለዋል። የመጋዘን ይሁን የአዳራሽ ግድ የለም፤ ቁልፉ ኪሱ ከገባ አረማመዱ ይለወጣል። አዋሽ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ሹመት የደረሳቸው ክብርት ወይዘሮ እናትነሽ ናቸው፤ የጽዳት ሠራተኛና የሴት ተማሪዎች ሽንት ቤት ባለሙሉ ሥልጣን።

እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ሽንት ቤታቸው ያበራል። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን ተሸክመው ያጥቡታል። ችግሩ ካጠቡት በኋላ ሰው እንዲገባበት አለመፈለጋቸው ነው። ልጅ እግሯን አጣብቃ ብትለምን መልሳቸው አንድ ነው፦ «አሁን ነው ያጠብኩት።» ከሰመራ የመጡ አንዲት እንግዳን ጫማ አስወልቀው እንዳስገቧቸው ርዕሰ መምህሩ አቶ አህመዲን እስካሁን እያፈሩ ያወራሉ።

አንድ ሰኞ ነርስ ሁሪያ ተማሪዎቹን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ልትመረምር መጣች። ለሠላሳ ሴት ልጆች ኩባያ አደለች። እትዬ እናትነሽ እያጉረመረሙ ከፈቱና እንዳያንጠባጥቡ ለማስጠንቀቅ በር ላይ ቆሙ። ሁሪያ መመርመሪያ ወረቀቷን በየኩባያው እየነከረች ቀለሙን አየች። ከሠላሳዎቹ ሰባቱ ላይ ምልክቱ ታየ። ሲሸኑ ያቃጥላቸው እንደሆን ጠየቀቻቸው፤ ያቃጥለናል አሉ። ውሃስ ይጠጣሉ? እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ የአሥር ዓመቷ ዙሌይካ አንገቷን ደፍታ፣

«ጠዋት አልጠጣም» አለች። «ከጠጣሁ እትዬን ማስከፈት አለብኝ።»

እትዬ እናትነሽ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ከልጆቹ ኋላ ቆመው ነበር። ሁሪያ ማንንም ሳታይ፣ በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንትም ይዘው መዋል ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጥ፣ ቸል ካሉትም ኩላሊት ድረስ እንደሚዘልቅ ረጋ ብላ አስረዳች። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዓመት ወገባቸው እስኪቆረጥ ያጠቡት ልጆቹ እንዳይታመሙባቸው ብለው ነበር።

በማግስቱ በሩ ወለል ብሎ ዋለ። የሰባቱን እናቶች ከየቤታቸው ጠርተው ከነልጆቻቸው ለሕክምና ጤና ጣቢያ ያደረሱም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሌላ መከራ መጣባቸው፤ እትዬ ጆግ ይዘው ግቢውን እየዞሩ «ጨርሺው» ይላሉ፤ ሳይጨርሱ ማምለጥ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሪያ ለድጋሚ ምርመራ ስትመለስ፣ እትዬ እናትነሽ ከአጠገቧ አልነቃነቅ ብለው በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አፈጠጡ። የዙሌይካ የመጨረሻው ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ንጹሕ ነው» አለች ሁሪያ።

እትዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ዙሌይካን ወደ ራሳቸው ሳቡና የተፈታ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመሩ። ክሩ ታስሮ ካለቀ በኋላም እጃቸው እዚያው ቆየ።