አያ ሙጨ ባሕር ሲያስገባ

ባሕር አንዴ ብቻ ካየ ሰው ጋር ከመጎራበት ይሰውራችሁ። እኔ አልተሰወርኩም። ጎረቤቴ አያ ሙጨ በደርግ ጊዜ ዘምቶ፣ ምጽዋን አይቶ ወረታ ሲመለስ፣ ባሕሩን ትቶ መምጣት አልሆንልህ አለው። እኛ የፎገራ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ከቤት ስናስወጣ እንኖራለን፤ እሱ ማስገባት ጀመረ! ምን ይባላል?

ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አሠርቶ፣ በጆንያ ያመጣውን ዛጎልና የባሕር ድንጋይ ደረደረበት። ውሃ ሞላና ለከብቶቹ የተቀመጠውን አሞሌ ጨው ሁሉ አሟሟበት።

«ኧረ ጨዉን ለከብቶቹ ይተዉላቸው» ትለዋለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ ባሕር የት ታውቂና!»

ለገንዳው ያዘዛቸው ዓሣዎች ከምጽዋ እስኪመጡ ጎርፍ ቀደማቸው። በረቱ በውሃ ሲዋጥ ላሚቱ እቤት ገባች። የፎገራ ላም ጨው ከሸተታት ደግሞ ማን ያቆማታል? ባሕር ልናይ የተጠራን ጎረቤቶች ስንደርስ፣ ባሕሩን ጠጥታ ጨርሳ ድንጋዩን ትልሳለች።

የደብራችን መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሴስ ባሕሩን ከፈለው እንጂ አልጨረሰውም» አሉ።

አያ ሙጨ ግን ፍንክች አላለም።

«ጥፋቱ የባሕሩ አይደለም፣ የኔታ» አላቸው። «ምጽዋ እንዲህ ያለ ላም የለም።»