ቢፕ ካለ በኋላ

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው አይታችኋል? ሳይጠይቁት ያስረዳል። እኔም ዲጂታል ካሜራ የገዛሁ ሰሞን እንዲያ አድርጎኝ ነበር። በሰው አገር ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈራችን፣ ካንሳንጋ ውስጥ ያገኘሁትን ሐበሻ ሁሉ ይዤ አቆማለሁ። "ፊልም የለውም እኮ" እላለሁ። "ታዲያ ፎቶው የት ይገባል?" ይለኛል ሰውዬው። እኔስ ምን ፈልጌ፣ ይቺን ጥያቄ አይደል! በጎኑ ያለችውን በር ከፈት አደርግና ዲስኬት መዘዝ አደርጋለሁ። ቢሮ ደብዳቤ የምንገለብጥበት ያው ዲስኬት ነው። ከካሜራ ሆድ ሲወጣ ግን ይከበራል። ሰዉ "ወይ ጉድ!" ሲል፣ ራሴ የፈለሰፍኩት ይመስል አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ።

ልክ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል። ትንሽም ይገዝፋል። በአንገቴ አንጠልጥዬው ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ስወጣ ባለሞተሩ ዞር ብሎ ሬዲዮው ይሠራል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አላዋቂ ነው ብዬ አለፍኩት።

የሸጠልኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ካንሳንጋ ሱቅ አለው፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ዱባይ ደርሶ ይመጣል። ያመጣውን ዕቃ ሁሉ "ወላሂ ከዚህ የተሻለ አይመጣም" ብሎ ይሸጥላችኋል። በሚቀጥለው ጉዞው የተሻለውን ያመጣል። መመሪያ አለው ወይ ስለው መጽሐፍ የሚያህል ነገር ሰጠኝ፤ ግማሹ ጃፓንኛ፣ ግማሹ አረብኛ። አንብብልኝ አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ገጽ ገለበጠና፣ እሱ አረብኛ የተማረው ለቁርዓን እንጂ ለባትሪ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሥዕሉን እያየህ ድረስበት አለኝ።

ደረስኩበት። የደረስኩበትን ነው የማወራችሁ።

በካሜራው ላይ አሥራ አምስት ያህል በተን አለ። አንዱ ላይ አበባ፣ አንዱ ላይ ተራራ፣ አንዱ ላይ መብረቅ ተሥሏል። አንዱ ላይ ደግሞ የበር ቁልፍ አለ። አበባና ተራራ ላነሳ አልገዛሁትምና እነሱን ተውኳቸው። ቁልፉን ግን ወደድኩት። ሰው እንዳያይብህ የምትፈልገውን ፎቶ ትቆልፍበታለህ፣ አለቀ። ይሄ ደግሞ መመሪያ ይፈልጋል? ጃፓኖች ዝም ብለው ነው ወረቀት የሚጨርሱት።

የሚገርመው ግን አውቶፎከሱ ነው። ካሜራው ራሱ አይቶ፣ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ያጠራል። አሪፍ አይደል? አሪፍ ነው፤ ችግሩ እሱ የሚያየውና እናንተ የምታዩት አለመስማማቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ያነሳሁት ሰይድንና አንድ ደንበኛውን ነው፤ ባንኮኒው ጋ ጎን ለጎን ቆመው። ካሜራው በሁለቱ መሀል አሾልኮ አየና ከኋላቸው ያለውን የሳሙና ካርቶን አነሳ። የካርቶኑ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይነበባል። ሰይድና ደንበኛው ጭጋግ ናቸው። የቢሯችን አለቃ እንዲህ ነው፤ ፊቱ ቆመህ ስታወራው ከኋላህ የሚያልፈውን ያያል።

ሌላም አለ። ማንሻውን ግማሽ ድረስ ስትጫኑት "ቢፕ!" ይላል። አየሁት፣ ለካሁት ማለቱ ነው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ትጫናላችሁ። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። እሱ ያስባል። አስቦ ሲጨርስ ያነሳል። በዚህ መሀል አንድ አጠር ያለ ጸሎት ይደርሳል። እኔ ግን ይሄን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው፤ ያኔ የማውቀው ቢፕ ማለቱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሙሉጌታ የሚባል ወዳጅ አለኝ። መካኒክ ነው፣ አንድ የውጭ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ካንሳንጋ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው፤ ሠላሳ አምስት ከሆነ እንኳን ቆይቷል። እህቱ አዲስ አበባ ወይንሸት ከምትባል አስተማሪ ጋር በስልክ አገናኘችው። አንድ ቀን ደወለላት፣ ሁለተኛ ደወለላት፣ ከዚያ በኋላማ ሰውየው ቁልፍ መፍቻ በእጁ ይዞ ቁልፍ መፍቻ የሚፈልግ ሆነ። ድምጿ ነው የገደለው። "ስትስቅ እኮ..." ይልና ይተወዋል። ስትስቅ ምን እንደምትሆን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ታዲያ የልጅቷ እናት ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። ልጄን ለስልክ ድምፅ አልድርም አሉ። በዚያ ላይ መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኳል፤ ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው እሑድ መልስ ሊሰሙ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት የሙሉጌታ መልክ ካልታየ፣ ነገሩ አበቃ። ፎቶውን የምታደርስ ሴት ተገኘች፤ የምትበረው ሰኞ ማለዳ ነው። ሙሉጌታ ይሄን የሰማው ቅዳሜ ማታ ነው። እሑድ ደግሞ ፎቶ ቤት ዝግ ነው። ፊልም አንስቶ፣ አሳጥቦ፣ አሳትሞ? የማይሆን ነገር።

"አይዞህ!" አልኩት። "እኔ እያለሁ?"

ፎቶ ብቻውን እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። አብሮት የምስክር ደብዳቤ አለ። ሰው ራሱን አያሞግስም፤ ወዳጁ ይጻፍለታል። እኔ ጻፍኩለት። ጨዋ ነው አልኩ፤ እውነት ነው። ሠራተኛ ነው አልኩ፤ እውነት ነው። ከዚያ ብዕሩ ጣፈጠኝ። የራሱ መኪና አለው አልኩ። ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ቤት አለው አልኩ። ሙሉጌታ ሙቱንጎን የሚያውቀው የሰው ጄኔሬተር ሊጠግን ሄዶ ነው። ሳነብለት ፊቱ ተለዋወጠ። "ኧረ መኪናውን ተወው፣ ቤቱንም ተወው፣ በኋላ ምን ልላት ነው?" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ብዬ እንዳለ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ለእሱ ብዬ ነው እኮ! የመርካቶውን ሰው በጨዋነት ብቻ ታሸንፈዋለህ?

እሑድ ጠዋት ጋባ ወረድን፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ። ሰይድ ኮቱንና መኪናውን አዋሰን። መኪናውን ለሰው አያምንምና ራሱ ነድቶ አመጣን፤ ስድስት ሰዓት ላይ እንግዳ ሊቀበል ስለሚሄድ እስከዚያ ጨርሱ አለን። ኮቱ ለሙሉጌታ እጅጌው ያጥራል። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት አልኩት፤ ችግር ተፈታ።

የእኛ ሰው ፎቶ ሲነሳ እንዴት እንደሚቆም መቼም አታጡትም። ትንፋሽ ይሰበሰባል፣ ሆድ ይገባል፣ ጥርስ ይከደናል፣ ዓይን ይፈጣል። ሙሉጌታም መኪናውን ተደግፎ እንዲያ ሆነ። እኔ ተጫንኩ። ቢፕ! አለ። ሙሉጌታ ተነሳሁ ብሎ ትንፋሹን ለቀቀው። ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንገቱን አሻሸ። ይሄኔ ካሜራው አስቦ ጨርሶ አነሳው።

እኔ በምን አውቄ? በዚያ ፀሐይ ፎቶው የሚታይበት የካሜራው መስታወት ጭልም ብሏል፣ ደግሞ ባትሪ ይበላል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። "ተባረክ፣ ድገመው!" እላለሁ። እሱ ይደርቃል፤ ቢፕ ይላል፤ እሱ ይፈታል፤ ካሜራው ያነሳል። እንዲህ እያልን ቀጠልን። ሰዓቱ ደረሰና ጥላ ሥር ሲጠብቅ የነበረው ሰይድ መጣ፣ ኮቱን ከላዩ ላይ ገፈፈው፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሙሉጌታ ቻው አለው። እኔ እንኳን ያኔ አላነሳሁም ብዬ ነበር፤ ቀደም ሲል የተጫንኩትን እሱ ገና እያሰበበት ኖሯል። ከዚያ በሸሚዝ ለመጠባበቂያ ጥቂት ደገምን። አንዲት ዓሣ ሻጭ የሙሉጌታን መድረቅ አይታ ሳቋ መጣ፤ "ሴቦ"፣ ጌታው ማለቷ ነው፣ ብላ ጠራችውና ሕፃን የሚያህል ዓሣ አሳቀፈችው። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ይሄንማ አላነሳም ብዬ ጣቴን ከማንሻው ላይ አነሳሁ። ማንሳቴ ነው ያስነሳው መሰለኝ።

ማምሻውን ቤቴ ቁጭ ብለን በመስታወቱ አየናቸው። አሥራ ስምንት ፎቶ። አሥራ ሰባቱ ጉድ ነው። ሆድ፣ ማሻሸት፣ ኮት ማውለቅ፣ መኪና መሸኘት፣ ዓሣ። አንዱ ብቻ፣ ዘጠነኛው፣ የሚያምር ሆነ። እዚያ ላይ የጀልባ ሞተር ሲያጓራ ሙሉጌታ ቢፑን አልሰማውምና እንደደረቀ ቀርቷል። ይሄ ነው ወንድ! አልኩት። ለወረቀት ጊዜ የለም፣ ቢሮም ዝግ ነው። የወይንሸት የአክስት ልጅ ቢሮው ኮምፒውተር አለው ተብሏል። ዲስኬቱ እንዳለ ይላክ፣ ዘጠነኛውን ይክፈቱ አልንና ይሄንኑ ደብዳቤው ግርጌ ጨመርኩ።

የቀሩትስ? እኔ ያለሁት ለምንድን ነው? አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ቆለፍኳቸው። በተኑን ስጫን እያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ትንሽ ቁልፍ ብቅ ትላለች። እንዴት ደስ ትላለች መሰላችሁ። ሙሉጌታ እርግጠኛ ነህ? አለኝ። ተቀየምኩት።

ሰኞ ዲስኬቱ በረረ። ረቡዕ ቢሮ ውስጥ ለአለቃዬ ችሎታዬን ላሳይ ፈለግሁ። በሌላ ዲስኬት አንድ ፎቶ አነሳሁ፣ ቆለፍኩ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተትኩ። ዓይኔ እያየ ተከፈተ። ላጥፋው አልኩ፤ አይጠፋም። በካሜራው ሞከርኩ፤ አይጠፋም አለ። ቁልፏ ለካ ፎቶው እንዳይታይ አይደለም፤ እንዳይጠፋ ኖሯል! እነዚያን አሥራ ሰባት ጉዶች ማንም እንዳያጠፋቸው አድርጌ፣ በእጄ አሽጌ፣ አማች ቤት ልኬያቸዋለሁ።

ለሰይድ ነገርኩት። ሂድና ንገረው አለኝ። ሄድኩ። ሙሉጌታ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሰደበኝም። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና፣ "ድምጿን ለምጄው ነበር" አለኝ። ይሄው ነው ያለኝ። አፈርኩ። እኔ ለማፈር ሰነፍ ነኝ፣ የዚያን ቀን ግን ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። ስለ መኪናውና ስለ ቤቱ ደብዳቤማ እንዴት ብዬ አንስቼ! እሱን ዋጥኩት።

እሑዱ አለፈ። ስልክ የለም። ሙሉጌታም ለመደወል ፈራ። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሰይድ ሱቅ ይቀመጣል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። በአሥረኛው ቀን ያቺው መንገደኛ ተመለሰችና ፖስታ ሰጠችው። እያገላበጠ መቅደድ ፈራ፤ ሰይድ ቀደደለት። ጮክ ብለህ አንብበው አልነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ወይንሸት እንዲህ ብላለች። ዲስኬቱን የአክስቷ ልጅ ቢሮ ሄደው አይተውታል፤ እናቷም አብረው ነበሩ። "ደብዳቤው ዘጠነኛውን ክፈቱ ይላል። እማዬ ግን፣ አሥራ ስምንት ልከው አንዱን እዩ የሚሉን ምን ቢሆኑ ነው? አለች። ሁሉንም አየን። ዘጠነኛው ላይ ያለውን ሰው አላወቅነውም፤ ሊፈረድበት የቆመ ይመስላል። በደብዳቤው መኪናው ያንተ ነው ተብሏል።"

ሙሉጌታ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የሰይድን መደርደሪያ አየሁ።

"አሥራ አራተኛው ላይ ግን አንድ ሰው መኪናውን ይዞ ይሄዳል፤ አንተ እጅህን እያውለበለብክ ትሸኘዋለህ። ወይ ለሌባ መኪናህን መርቀህ የምትሰጥ ሰው ነህ፣ ወይ መኪናው የሰውየው ነው። እማዬ ሁለተኛውን መርጣለች። ኮቱን ሲገፍፍህም አየን። የተዋሰውን ሲመልስ ፊቱ የማይጠቁር ሰው ከተገኘ መቼም ደግ ነው ብላለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ዓሣ ታቅፈህ ትስቃለህ። በስልክ የማውቀው ሳቅ እሱ ነው። የመርካቶዎቹን አመስግነን ሸኝተናቸዋል።"

ሙሉጌታ እዚህ ላይ ቆመ። ሰይድ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ባንኮኒውን በቡጢ መታው። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ማን አነሳው? ማን ላከው? አንድ ሰው አመሰግናለሁ እስኪለኝ ስጠብቅ ሙሉጌታ ከታች የቀረችውን መስመር አየና እንባውን እየጠረገ ይስቅ ጀመር። አንብበው እንጂ! አልኩት። አነበበው።

"ለሠርጋችን ፎቶ ያስፈልገናል። እማዬ ግን አንድ ነገር አጥብቃ ተናግራለች፣ እኔም ተስማምቻለሁ። ካሜራው ይምጣ፤ አንሺው ይቅር።"