የጭላዳው ጀርባ

የዛሬ ሰው ሹም ሲያማ ስም ይጠራል። ከደጄ ቆመው ስልካቸውን የሚነካኩት ወጣቶች፣ እከሌ እንዲህ አደረገ፣ እከሌ እንዲህ አጠፋ እያሉ ከነአባቱ ሲጠሩት እሰማለሁ። እሰማለሁ ስላችሁ ጆሮዬን አጥር ላይ ለጥፌ እንዳይመስላችሁ፤ አጥሩ ነው ወደ ጆሮዬ የተጠጋው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አይጥመኝም። ሐሜት ትንሽ ልብስ ካላለበሱት ምኑን ሐሜት ሆነ? በእኛ ጊዜ ሹም የሚታማው በአውሬ ነበር። እኛ ደባርቆች ደግሞ አውሬ አይቸግረንም።

ከአውሬውም ለዚህ ሥራ እንደ ጭላዳ የተመቸ የለም። ዋልያን መንግሥት ይወደዋል፣ አይነካም። ጅብ ያልሁ እንደሆነ ሁሉም ወዲያው ይነቃብኛል። ጭላዳ ግን ጎፈሩን ነስንሶ፣ ቀይ ደረቱን ገልጦ፣ መንጋውን ከኋላው አሰልፎ ከገደል አፋፍ ሲቀመጥ ያየው ሰው፣ ሳያስበው አንድ ወንበር ላይ ያለ ሰው ትዝ ይለዋል። ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

ይህን ያስተማሩን መምህር ይርጋ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በደርግ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት ከዳባት ሲመጡ ገና ጢማቸው ያልጠነከረ ልጅ እግር ነበሩ። ከምሳ በኋላ ቀበሌው አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ሴቱ ልጁን አዝሎ፣ ወንዱ ዱላውን ይዞ። የተሰጠን መጽሐፍ ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበሬ ማኅበር ስለሚያወራ፣ ገጽ ሳይገለጥ ግማሻችን እናንቀላፋለን። መምህር ይርጋ ይህን አዩና አንድ ቀን መጽሐፉን አጥፈው በጠመኔ ሦስት መስመር ጻፉ። የጭላዳ ታሪክ ነበር። ቀጣዩን ሦስት መስመር የሚያገኘው በማግስቱ የመጣ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? ከአራስ ቤት የወጣሁ በሳምንቴ ሄጃለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የገደል ሹም የሆነ ጭላዳ ነበረ። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ መንጋው ተራ ገብቶ ይቀምለዋል፣ እሱ ግን የማንንም ቅማል አይነካም። ጎረምሶቹ አመፁና አባረሩት። አዲሱ ሹም ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላውን መቅመል ቀርቷል፣ ሁሉም የራሱን ይልቀም ብሎ አወጀ። መንጋው ጨፈረ። በሦስተኛው ቀን ችግር መጣ። ሆዱንና እግሩን ሁሉም ለቅሟል፤ ጀርባው ላይ እጁ የሚደርስ ግን አልተገኘም። አገሩ በሙሉ ማከክ ጀመረ። ቀጥሎ ማከክም ተከለከለ፤ የድሮውን ሹም መናፈቅ ነው ተባለ።

እኛ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጠቅጥቀን እንስቃለን። በግልጥ እንዳንስቅ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ የሚማር አንድ ተማሪ ነበረ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ታከለ። እሱም ፊደል አልቆጠረም። በዚያ ወር እሱ ያስጠራቸው ሁለት የሰፈራችን ሰዎች ገና ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ስለዚህ ታሪኩ የገባው ቀን መምህራችን አለቁ ማለት ነው። ደግነቱ፣ አንዷን ፊደል ከሌላዋ እስኪያገናኝ የመስመሩ መነሻ ይጠፋዋል ብለን ተጽናናን።

አንድ ቀን መምህር ይርጋ፣ አዲሱ ሹም ተደብቆ አንዷን ጠራና ጀርባውን ሰጣት ብለው ጻፉ። ሊቀመንበሩ እጁን አወጣ። እኔ ላንብበው አለ። የመምህሩን መጠቆሚያ ዘንግ ተቀብሎ ሰሌዳው ፊት ቆመና፣ አ… ዲ… ሱ… እያለ እንደ ዳገት ወጣው። እኛ መሬት መሬት እናያለን። መምህሩ እጅ ውስጥ ያለው ጠመኔ ዱቄት ሆኗል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ላቡን ጠረገና ዞሮ አያቸው።

"አነበብሁ?" አለ።

"አነበቡ" አሉት መምህሩ።

አጨበጨብን። እንደዚያ ቀን አጨብጭቤ አላውቅም፤ ለንባቡ አይደለም፣ ለመምህሩ አንገት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ፣ የገዛ ሐሜቱን ጮክ ብሎ ያነበበው ሰውዬ እያልን ስቀንበታል። ያ አዳራሽ፣ ያ የጠመኔ ሽታ፣ ነገ ምን ይጻፍ ይሆን እያሉ ማደር፣ ሁሉም ይናፍቀኛል።

ዘመኑ ተገለበጠ፤ ጠመንጃውም ወንበሩም ሄደ። መምህር ይርጋ እዚሁ ሲያስተምሩ አርጅተው ዘንድሮ አረፉ። በአርባቸው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሣር ላይ የያኔው ሊቀመንበር፣ አያ ታከለ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ዛሬ ሽማግሌ ናቸው፤ ጧት ጧት ዳዊት ይደግማሉ። የእኔ ምላስ መቼም አያርፍ፤ ያን የጭላዳ ታሪክ ያስታውሱታል ወይ አልኋቸው።

"አንች፣ ማንን ነው ሞኝ የምታደርጊው?" አሉኝ። "ሰሌዳውን ባላነብ እናንተ ስታነቡት እሰማ የለ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን ተዉአቸው?"

"ሁለት ጊዜ ላስይዘው ተነሥቼ ነበር። ወረዳው ክሱን በጽሑፍ አምጣ አለኝ። መጻፍ የሚያስተምረኝ ደግሞ እሱ ነው።" ዘንጋቸውን ከሣሩ ላይ አነሡ። "መጻፍ ስችል ደግሞ መጨረሻውን ሳልሰማ እንዴት አድርጌ ላሳስረው? አንች ሰምተሻል?"

አልሰማሁም። መምህር ይርጋ አልጨረሱትም፤ ይኸው ይዘውት ሄዱ። ያን ሁሉ ዓመት በአያ ታከለ ስስቅ፣ ለካ ምንም ያልገባኝ እኔ ኖሬያለሁ።

አያ ታከለ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። ጋቢያቸው ጀርባ ላይ የተቀመጡበት ሣር ተለጥፏል። እጃቸውን በትከሻቸው ላይ ሰደዱ፣ አልደረሰም። በብብታቸው በኩል ሞከሩ፣ አልደረሰም። ከዚያ ቆም ብለው አዩኝ።

"ይዙሩ" አልኋቸው።