ጥጥ ላይ የበቀለው መምህር

ትናንት ከምሳ በኋላ መምህር ይትባረክ የመምህራን ክፍል ወንበር ላይ እንዳንቀላፋ ሕልም አየ፤ ብቻ ወደ ደግ ይፍታለት። ደብረ ብርሃን ላይ ሳይንስ ሲያስተምር ሃያ ዓመት ሆኖታል። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የወሰንየለሽን የሙከራ ሪፖርት እያረመ ነበር። ተማሪዋ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለክታ «ዘጠና» ብላለች። መጽሐፉ ግን መቶ ይላል። ዜሮ ሰጣትና ዓይኑን ጨፈነ።

በሕልሙ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ፣ እርጥብ ጥጥ ላይ እስከ ጉልበቱ ተተክሎ ራሱን አገኘው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ባቄላዎች ማስመሪያ ይዘው ይዞሩታል። የኬሚስትሪዋ መምህርት አሰገደች የት እንዳለች ሲጠይቅ፣ ለማነጻጸሪያ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተተከለች ነገሩት። ከውስጥ ስታስነጥስ ሰማት። የስፖርት መምህሩን ደግሞ ከጣሪያ ላይ በገመድ አንጠልጥለውት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ አንዲት ጎመን ሰዓት ይዛ ትቆጥርለታለች። እሱስ የተመቸው ይመስል ነበር።

ቆዳው የተሸበሸበ ሽማግሌ ባቄላ መጣና መምህሩ በሳምንት ስንት እንዳደገ ጠየቀ። አንዲት ትንሽ ባቄላ ይትባረክን ከእግር እስከ ራሱ ሦስት ጊዜ ለካችው።

«ግማሽ ሴንቲሜትር አጥሯል» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሽማግሌው መጽሐፍ ገለጠ። በመጽሐፉ መሠረት፣ በደንብ ውሃ የጠጣ መምህር በሳምንት ሦስት ሴንቲሜትር ያድጋል። ዜሮ ሰጣት።

«የለካችው እኮ እኔን ነው» አለ ይትባረክ። «ይኸው ቆሜ የለም እንዴ? አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጎብጫለሁ።»

«የሙከራ ዕቃ አይናገርም» አለው ሽማግሌው፤ ቀጥሎም ከመጽሐፉ ጋር እስኪስማማ ድረስ እንዲሳብ አዘዘ። አራት ባቄላዎች ጆሮውን፣ ሁለት ደግሞ እግሩን ያዙ። እየተሳበ ሳለ ትንሿ ባቄላ ቁጥሯን በላጲስ አጥፍታ «ሦስት» ብላ ስትጽፍ አያት። ከጆሮው ይልቅ ያ አመመው። አታጥፊው ሊላት አፉን ሲከፍት ጥጥ ሞላበት።

ደወሉ ቀሰቀሰው። ጆሮውን ዳበስ አድርጎ ሪፖርቱን እንደገና አነበበ። ከግርጌው በደቃቅ ጽሕፈት «ሦስት ጊዜ አፍልቼ ሦስቱንም ጊዜ ዘጠና ነው ያየሁት» የሚል አለበት። ከተማው ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ይህን ደግሞ ባለፈው ወር ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ዜሮውን ሰርዞ አሥር ጻፈ። ክፍል ገብቶም በልጆቹ ሁሉ ፊት ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቃት። ወሰንየለሽ ተሽኮረመመች። እሱም ልቡ ቀለል አለው።

ወዲያው የክፍል አለቃው ተነሥቶ የአርባ ሁለት ተማሪ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ቆለለ። ኮምጣጤ ውስጥ ስለተነከረ እንቁላል ነው። ጽሕፈቱ ያማረ፣ ሥዕሉ ባለቀለም፣ ውጤቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ቅንጣት አይዛነፍም። የወሰንየለሽም መሃል ላይ አለ።

ይትባረክ አገላበጠው። «ይህን ሙከራ የምንሠራው እኮ ሐሙስ ነው» አለ። «ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።»

«አዎ ቲቸር» አለች ወሰንየለሽ በትሕትና። «ሐሙስ ተሳስተን እንዳናስቸግርዎት ብለን ነው።»