በመናፈሻው ጃንጥላ የተዳርኩ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ቻይና ሄጄ በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ቻይና ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ያሸልባል፤ አለቃውም ተላላኪውም ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ። እኔ ደግሞ ጂያንግ የሚባለው ልጅ ወላጆች ቤት ተጋብዤ ነበር። ልጄን ማስተዋልን ለልጃቸው ሊጠይቁኝ ነው። ምሳቸውን በላሁ፣ "ልጄን ለባዕድ አልሰጥም" አልኩ፣ ሶፋው ላይ እንደተኮሳተርኩ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ መናፈሻ ውስጥ ነኝ። እዚያ አገር እናትና አባት ያላገባ ልጃቸውን ዕድሜና ሥራ ጽፈው፣ ጃንጥላ ላይ ለጥፈው፣ መናፈሻ ተቀምጠው አማች ይጠብቃሉ። ይኼ ሕልም አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በሕልሜ ግን ጃንጥላው ሥር ያሉት ልጆቹ ናቸው፤ የሚዳሩት ወላጆቹ። ዝናቡ ከመሬት ወደ ላይ ይዘንባል። አሮጊቶቹ በሙዚቃ ይጨፍራሉ፤ ወጣቶቹ ከዘራ ተደግፈው "ቀስ በሉ፣ እናንተ ልጆች!" ይላሉ።

አንዱ ጃንጥላ ሥር ማስተዋል ቁጭ ብላለች። ከላይዋ የእኔ ፎቶ። "አልጋነሽ፤ ባሏ የሞተባት፣ ጤነኛ፣ ትንሽ ደረቅ" ይላል።

"አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየዳርኩሽ ነዋ እማዬ። ዕድሜሽ እኮ ሄደ።"

አንድ ዓሣ፣ ዓሣ ሻጩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ አንጠልጥሎ መጣ። ደላላው እሱ ነው።

"በልተዋል?" አለኝ። ሰላምታቸው ነው።

"እግዜር ይመስገን። አላገባም፣ እምቢ!"

"እንኳን ደስ ያለዎት!" አለ ዓሣው። ሰው አጨበጨበ።

"እምቢ አልኩ እኮ!"

"በእኛ አገር እምቢ ማለት ወግ ነው" ብላ ማስተዋል ለዓሣው አስረዳችው። "እናቴ ጠግቤያለሁ ካለች በኋላ ነው ዋናውን የምትበላው።"

"ውሸታም!" አልኩ። እግሬ ላይ ቀይ ቀሚስ በቀለ። የሙሽራ ልብስ እዚያ ቀይ ነው። ደግሜ እምቢ ስል ወገቤ ደረሰ።

ሙሽራው መጣ። ፔርሙዝ ነው። እዚያ አገር በዚያ ሁሉ ወበቅ ሙቅ ውሃ ከሰው እጅ አይለይም፤ ይኼኛው ግን ማንም ሳይዘው በራሱ እየተራመደ መጥቶ፣ ክዳኑን አንስቶ እጅ ነሳኝ።

"የእኔ እመቤት፣ እስከ ማታ አልቀዘቅዝም" አለኝ።

"እንፋሎትህን ወዲያ!" አልኩት። ቀሚሱ ደረቴን አለፈ።

ከጨፋሪዎቹ አሮጊቶች አንዷ ጠጋ አለችኝ። "እህቴ፣ ካልፈለግሽው እሺ በይ። ቶሎ እሺ ያለችን ሴት ማንም አይወስዳትም።"

እሺ! እኔ አልጋነሽ! ለሟቹ ባለቤቴ እንኳ ያልሰጠሁትን ቃል ለፔርሙዝ! ጥርሴን ነከስኩ። ቀዩ ጨርቅ ግን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ አገጬን ያዘ፣ አፌ ጋ ደረሰ። ትንፋሼ አጠረኝ።

"እሺ!" ብዬ ጮኽኩ። "እሺ፣ እሺ፣ እሺ!"

ነቃሁ። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። የጂያንግ አባት ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ማስተዋል አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች።

"ተባረኪ እማዬ! እንደገና አንዴ ብንጠይቅሽ አራቴ እሺ አልሽ!"

"ማን? እኔ?"

"አንቺ! ሁሉም ሰምቷል!"

ጂያንግ መሬት ተንበርክኮ ጉልበቴን ሊስም ይታገላል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጄ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ቢሆንም እኔ እኔ ነኝ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩና "እምቢ፣ ተኝቼ ነው!" ልል አፌን በሰፊው ከፈትኩ።

የጂያንግ እናት ሥጋ የተጠቀለለበትን በእንፋሎት የበሰለ ትኩስ ሊጥ በሁለት እጇ ይዛ አጎረሰችኝ። ጉርሻ ማን እንዳስተማራት ልጠይቅ አልቻልኩም፤ አፌ ሙሉ ነበር።