ጠብቆ ነው ላልቶ?

ሰው በሁለት ይከፈላል፤ ፈተና የሚያልፍ እና ፈተና የሚያውቅ። የመጀመሪያዎቹን በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ኋላ ተቀምጠው፣ ማኅተሙ ጠፋብን ነገ ተመለሱ ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ። ሁለተኛዎቹ ግን በየሰፈሩ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። እናንተም ሰፈር አንድ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። የተቀረጸ እርሳስ ከኪሱ አይለይም፤ የመንግሥት ሥራ መግቢያ ፈተና መቼ እንደሚሰጥ ከመንግሥት ቀድሞ ይሰማል፤ "ዘንድሮስ እንዴት ነበር?" ስትሉት "ዘንድሮ እንኳ ቀላል ነው" ይላል፤ ከዚያ ይወድቃል።

የኛ ሰፈሩ ክቡር ተፈታኝ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ጸጉር አስተካካዩ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ የወደቁ ለት። ልነግራችሁ ያሰብኩት ነገር የሆነው አምና ሲሆን፣ ያኔ ዕድሜያቸው ሠላሳ አራት ዓመት ከስምንት ወር ነበር። አንቱ ለመባል ገና ናቸው። ነገር ግን አምስት ጊዜ ተፈትኖ ለስድስተኛው እርሳስ የሚቀርጽን ሰው አንተ ማለት ከአፌ አልወጣ አለ።

የሚኖሩት ከታላቅ እህታቸው ጋር ነው። እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ያላቸውን አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለውታል፤ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ወዲያ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ። አንድ ጊዜ እህትየዋ የልብስ ልክ ማውጫ ወረቀት አልቆባት፣ እጇ የገባውን የድሮ ፈተና ቆራርጣ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ አወጣችበት። ክቡርነታቸው አልተቆጡም። ወሩን ሙሉ ግን ተማሪዎቻቸው ጥያቄ ሲጠይቋቸው "አሥራ ሰባተኛው? እሱ ብብቱ ላይ ነው፣ ቆይ ላምጣው" እያሉ ሲያስጠኑ ከረሙ።

አዎ፣ ተማሪዎች አሏቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ባለው ደረጃ የሚቀመጥ ሁሉ የሳቸው ተማሪ ነው። የሚያስከፍሉት ነገር የለም፣ ደረጃውን ጠርጎ መሄድ ብቻ። ደግሞ የሚገርመው፣ ያስጠኑት ሰው ያልፋል። የውኃ መሥሪያ ቤቷ ጸሐፊ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ሁለት የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ሁሉም ከዚያ ደረጃ ተነሥተው ነው ወንበር ላይ የተቀመጡት። እሳቸው ደረጃው ላይ ቀሩ።

የማስተማሪያ ዘዴያቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ "አንብበኸዋል ወይስ አይተኸዋል?"

እኔም ቀምሻታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የምዝገባ ቅጼን ሞልቼ፣ ልማር ሳይሆን ልስቅ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩትና ያቺን ጥያቄ ጠየቁኝ። አንብቤዋለሁ አልኩ። ጣታቸውን ወደ ታችኛው ሳጥን ወሰዱት። "ለቢሮ አገልግሎት ብቻ" ይላል። እኔ ከሥሩ በራሴ እጅ "ተፈቅዷል" ብዬ ፈርሜበታለሁ። ለራሴ ፈቅጄ ለራሴ ልልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ደረጃውን ጠረግኩ፤ አለፍኩም። ዛሬ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ እንጀራዬን የምበላው በዚያች ጣት ነው፤ እንዲህ አድርጌ የማማቸውም በዚሁ ደመወዝ በገዛሁት እስክሪብቶ ነው።

ማንበባቸው ግን ለሕይወት አይመችም። ጉንፋን ይዟቸው መድኃኒት ቤት ሄደው፣ "በቀን ሦስት ጊዜ" ማለት በስምንት በስምንት ሰዓት ነው ወይስ ከቁርስ ከምሳና ከእራት ጋር፣ ቁርስ የማይበላ ሰውስ፣ እያሉ ባለመድኃኒቷን ሲያከራክሩ ጉንፋኑ ሰልችቶት በራሱ ጊዜ ሄደ። አንዲት አስተማሪ ደግሞ ነበረች፣ ለትዳር የታሰበች። ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ "ቁርጡን ንገረኝ፣ ትወደኛለህ ወይስ አትወደኝም?" ስትላቸው፣ ጥቂት አሰቡና ምርጫው ሁለት ብቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ምን ነካዎት ስላቸው፣ "እጅግ የሚለውን እየፈለግኩ ነበር" አሉኝ። እስከ ዛሬ ይህን ሳስታውስ ሳቅ ይመጣና መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያን ሁሉ ሰው የሚያሳልፍ ሰው ለምን ይወድቃል?

አርባ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። ፈተናው መቶ ጥያቄና ሁለት ሰዓት ነው። ፈተና አዘጋጆቹ በየዓመቱ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን ይለውጡና ውስጡን እንዳለ ያባዙታል የሚባለው ሐሜት ለሌሎቹ ጥያቄዎች ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለአርባ ሁለተኛዋ ግን ልክ ነው። እንዲህ ትላለች፦

"በመሥሪያ ቤት ውስጥ ቅሬታ ሲቀርብ በቅድሚያ የሚሰማው ማን ነው? ሀ. ቅሬታ አቅራቢው፤ ለ. የቅርብ ኃላፊው፤ ሐ. ዘበኛው፤ መ. መልሱ አልተሰጠም።"

እናንተ ለ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ወይም ሀ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ክቡር ተፈታኝ ግን አያልፉም። "የሚሰማው" የሚለው ላልቶ ከተነበበ ሰሚው ነው የተጠየቀው፣ መልሱ ለ ነው። ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ተሰሚው ነው፣ መልሱ ሀ ነው። ወረቀት ደግሞ አያጠብቅም አያላላም። መጀመሪያ ዓመት ይህንኑ በሦስት መስመር ዳሩ ላይ ጻፉ። በሁለተኛው ዓመት ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሞሉት፣ ከማሻሻያ ሐሳብ ጋር። በሦስተኛው እጃቸውን አውጥተው "ጠብቆ ነው ላልቶ?" አሉ፤ ፈታኙ ማብራራት አይፈቀድልኝም አላቸው፤ እሳቸውም ያንን መልስ ጭምር መዘገቡት። ሁልጊዜ ሰዓቱ የሚያልቀው ስልሳኛው ጥያቄ ሳይደርሱ ነው። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አመለከቱ፤ "ቅሬታዎ ተሰምቷል" የሚል ደብዳቤ መጣላቸው። ማን እንደሰማው ግን አልተጻፈም ብለው ፋይል ውስጥ አስገቡት።

ለተማሪዎቻቸው ነገሩን አይደብቁም። እናንተ ዝለሏት፣ አንዲት ነጥብ ናት ይላሉ። እርስዎስ ሲባሉ፣ "እኔ አንብቤያታለሁ፣ ምን ላድርግ?"

እዚህ ላይ መሳቄን ልተው። የፈተናው መመሪያ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው አይመዘግብም። ስድስተኛው ፈተና የመጨረሻቸው ነበር። የእህትየዋ ዓይን ደግሞ ክር ማስገባት አቁሟል። ጠዋት ጠዋት ክቡርነታቸው ከማጥናታቸው በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብተው የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ይሰኩላታል፤ እሷ እስኪመሽ በነዚያ ትሠራለች። አሥረኛው ካለቀና ወንድሟ ደጅ ካለ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ከሁለት አንዱ ቋሚ ሥራ መያዝ ነበረበት፤ እሷ ደግሞ የምትይዝበት ዕድሜም ዓይንም አልቀራትም።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው የሱሪዬን እግር ላሳጥር ገብቼ ነበር። መቀሷን አስቀመጠችና ወደ መጋረጃው ዞረች።

"ስማኝ፣ አንተ። በሞቴ፣ ዘንድሮ እጅህን እንዳታወጣ። ዳሩም ላይ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ። አርባ ሁለትን አጥቁረህ እለፍ።"

ከመጋረጃው ወዲያ "የቱን ላጥቁር?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ያሻህን። ዓይንህን ጨፍነህ።"

እሺ አሉ። ክቡር ተፈታኝ ያለ ክርክር እሺ ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ሱሪዬን ረስቼ ወጣሁ።

የፈተናው ቀን፣ ይመስገነው፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የሚጣለው የፈታኝነት ዕጣ የወጣው በኔ ላይ ነው፤ ያውም እሳቸው ባሉበት አዳራሽ። ለአስተባባሪው የማውቀው ሰው አለ ብዬ ነገርኩት። ዘመድህ ነው ወይ አለኝ፤ ጎረቤቴ ነው አልኩ፤ ጎረቤት አይቆጠርም አለ። ደንቡ አጭር ነው፤ ፈታኝ አያነብም፣ አያብራራም።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስድስት እርሳሶቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ሲሆን አርባ ሁለተኛዋ ላይ እንደደረሱ ከአንገታቸው አወቅሁ፤ ደርቆ ቀረ። ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው ተነሣ። መልሰው አወረዱትና ተቀመጡበት። ከስድስት ደቂቃ በላይ እጃቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን አዩ። በመጨረሻ እጁን ከሥራቸው አወጡት፣ አንዱን ክብ አጠቆሩ፣ ገጹን ገለበጡ። መደሰት ነበረብኝ። እህታቸው እንዲያደርጉት የለመነቻቸውን ነው ያደረጉት። እኔን ግን ከፋኝ፤ አንድ ጥሩ ዕቃ በፊቴ የተሰበረ ያህል ከፋኝ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቋ ሻጭ ናት፣ የደረጃው የቅርብ ጊዜ ተማሪ።

"አርባ ሁለተኛው ላይ የሚሰማው የሚለው ጠብቆ ነው ላልቶ?"

አላነብም፣ አላብራራም አልኳት፤ እንደ ደንቡ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም። በስተግራ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ እጁን አወጣ። ምንድን ነው ስለው፣ ያው የሷን ጥያቄ አለኝ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አንድ፣ በር ላይ ሁለት። ዘጠኝ ደረሱ። ዝለሏት የተባሉት ሁሉ አልዘለሏትም። ደረጃውን ረግጠው የማያውቁ ሰዎችም ወረቀታቸውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ እጃቸውን አወጡ።

አስተባባሪው ቁልፎቹን እያቅጨለጨለ መጣ። ምን ችግር አለው፣ ግልጽ ጥያቄ ነው ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝና ጮክ ብሎ አነበበው። ላልቶ ነበር ያነበበው። ግልጽ ነው እኮ ብሎ ደገመው። ሁለተኛው ላይ ጠበቀበት። አፉ እንደተከፈተ ስልክ ሊደውል ወጣ። ሲመለስ አርባ ሁለተኛው ጥያቄ መሰረዙን፣ ነጥቡም ለሁሉም እንደሚሰጥ፣ ያለቀው ጊዜም እንደሚካካስ ተናገረ።

ክቡር ተፈታኝ ቀና አላሉም። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ካለሁበት አልለየሁም። መቶኛው ላይ ሲደርሱ አሥራ አንድ ደቂቃ ተርፏቸዋል። በሕይወታቸው የፈተና መጨረሻ ገጽ አይተው ስለማያውቁ፣ ጀርባውን ገልብጠው ሌላ ነገር እንደሌለ ሁለት ጊዜ አረጋገጡ።

ያለፉት የስልሳ ሰዎች ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ከእህትየዋ ጋር ሄድን። እሳቸው ቤት ቀሩ፤ መርፌ ክር እያስገባሁ ነው አሉ። አርባ ሁለተኛ የወጡ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ አርባ ሦስተኛ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል ለእህትየዋ ዓይን ስለደቀቀ እኔ አነበብኩላት። ክንዴን ያዘችና ጠየቀችኝ።

"አንብበኸዋል ወይስ አይተኸዋል?"

አንብቤዋለሁ አልኳት። እዚያው ሰሌዳው ሥር በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

የመደቧቸው የት መሰላችሁ? መዝገብ ቤት፣ ከኔ ሥር። የቅርብ ኃላፊያቸው እኔ ነኝ። ስድስቱን የሙከራ ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። የዳይሬክተሩን ደብዳቤ "ወጪ ይደረግ" የሚለው ገንዘብ ነው ወይስ ደብዳቤ ብለው መልሰውበታል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አራት ጊዜ አስለውጠውኛል። በመስኮታችን ፊት የሚቆመው ሰልፍ ግን በግማሽ አጠረ፤ ቅጹን ሳያየው የሚሞላ ባለጉዳይ ካለ ወጥተው አጠገቡ ይቆማሉ፣ ያቺን ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ሰውየውም ለነገ ሳይቀጠር ይሄዳል። ቅዳሜ ደረጃው አሁንም ሙሉ ነው።

የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ የቅርብ ኃላፊ የሚሞላው ቅጽ መጣልኝ። "ስለ ሠራተኛው ያለዎት አጠቃላይ አስተያየት" ይልና ስምንት ባዶ መስመር ይተዋል። ለሦስት ቀን ያህል እየጻፍኩ ቀደድኩ። ስለሳቸው መቀለድ ለምዶብኝ ቁም ነገሩ አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ ሁለት ቃል ጽፌ ሰጠኋቸው፦ "ሥራው ይገባቸዋል።"

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አላዩትም፣ አነበቡት። እርሳሱን ከኪሳቸው አወጡ፣ ዳሩ ላይ ሊጽፉ ቃጡ፣ መልሰው ከተቱት።

"ጠብቆ ነው ላልቶ?" አሉኝ።

"ጠብቆም፣ ላልቶም" አልኳቸው።

ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግመው አነበቡት። "እንዲህ የሚል ምርጫ የለም" አሉ በመጨረሻ። ግን ፈረሙ።